ጠዋት 112፣ ከምሳ በኋላ 92፦ ኪቶ ላይ ሆኖ የስኳር መለኪያን ማንበብ

የተላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን 46 ዓመታቸው ነው፤ ኪቶ የሚባለውን፣ ካርቦሃይድሬትን በጣም ቀንሶ በስብ ላይ የሚያተኩረውን አመጋገብ ከጀመሩ ሰባተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር ትተው ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን፣ አቮካዶና ቅቤ ይመገባሉ። 6 ኪሎ ቀንሰዋል። ይሁንና ከመጀመራቸው በፊት በባዶ ሆድ 98 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አካባቢ የነበረው ስኳራቸው አሁን ጠዋት ጠዋት ከ106 እስከ 114 ይላል፤ ምሳ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ 92። ሰርግ ተጠርተው ሁለት እንጀራ በልተው ሲለኩ 187 አዩና ደነገጡ። «ስኳርን ልሽሽ ብዬ የጀመርኩት ምግብ ራሱ ስኳር አመጣብኝ ወይ?» ይላሉ። መድኃኒት ይውሰዱ አይውሰዱ አልጻፉም።

ካልጻፉት ልጀምር፤ ቀሪው መልስ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስዱ ከሆነ ከቁጥሩ ትርጉም በፊት የመድኃኒቱ መጠን ይቀድማል። እነዚህ መድኃኒቶች ምግብ ገባም አልገባም ስኳርን ወደ ታች ይገፋሉ። ለእንጀራ ተብሎ የታዘዘ መጠን ለእንቁላልና ለጎመን ሲውል ሌሊት ተኝተው ሳሉ 50 ላይ ሊጥልዎ ይችላል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪምዎ ነው፤ የሚቀነሰውም ኪቶው በሚጀመርበት ቀን እንጂ ስኳሩ ከወደቀ በኋላ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አይጥልም።

ሁለተኛው ቡድን ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን የመሳሰሉት፣ ትርፍ ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት ናቸው። እነዚህ ከኪቶ ጋር ሲገናኙ ደም በኪቶን፣ ማለትም ጉበት ከስብ በሚሠራው አሲድ፣ ሊመረዝ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ መለኪያው 160 ወይም 180 ብቻ እያለ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ቁጥሩ አያስጠነቅቅዎትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚሁ አደጋ እ.ኤ.አ. በ2015 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሳይቀይር ከእነዚህ ጋር ኪቶ አይጀመርም። የዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም በራሳቸው ውሳኔ ሊገቡበት አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ ነጻ ከሆኑ፣ የተጻፉት ቁጥሮች እርስ በርስ የሚቃረኑ ቢመስሉም አይቃረኑም። ለምን እንደሆነ ለማየት ጉበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ጉበት የሰውነት ጎተራ ነው፤ ስኳር ሲተርፍ ያከማቻል፣ ሲጎድል ያወጣል። ጎተራው ሲሳሳም ከፕሮቲን፣ ከስብ ከሚገኘው ግሊሰሮልና ከላክቴት አዲስ ስኳር ይሠራል። እንዲህ ማድረጉ ግድ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ስብንም ኪቶንንም ማቃጠል አይችሉም፤ የሚኖሩት በስኳር ብቻ ነው። አእምሮም ኪቶንን መጠቀም ቢለምድ እንኳ የተወሰነ ስኳር ሁልጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ጉራሽ እንጀራ ባይበሉም ደምዎ ውስጥ ስኳር ይኖራል፣ መኖርም አለበት።

ጡንቻ ግን ሌላ ነው። ከጥቂት ሳምንታት ኪቶ በኋላ ጡንቻ ስብን ማቃጠል ስለሚለምድ ስኳር ሲቀርብለት አይቀበልም፤ ለአእምሮና ለቀይ ደም ሕዋሳት ይተወዋል። ስብ የሚያቃጥል ጡንቻ ስኳርን እንደሚገፋ እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕ ራንድል ከባልደረቦቹ ጋር አሳይቷል። እንግዲህ ጉበት ያወጣውን ስኳር ትልቁ ተጠቃሚ ጡንቻ ካልወሰደው በደም ውስጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆያል። ይህ በቆሽት መዳከም ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን ባለመታዘዙ ከሚመጣው ከፍታ የተለየ ነው። በተለመደው የኢንሱሊን አለመታዘዝ ስኳሩም ኢንሱሊኑም ከፍ ይላሉ፤ በዚህኛው ግን ስኳሩ ትንሽ ከፍ ሲል ኢንሱሊኑ ዝቅ ያለ ነው። የመለኪያ ማሽን ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ለእሱ 112 ሁሌም 112 ነው።

ለምን ጠዋት ላይ ብቻ? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልና የዕድገት ሆርሞን ይነሳሉ፣ ጉበትም ስኳር እንዲለቅ ይታዘዛል። ይህ በሁሉም ሰው ይሆናል። እህል የሚበላ ሰው ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ያርቀዋል፤ ኪቶ ላይ ያለ ሰው ጡንቻው ስለማይቀበል ቁጥሩ ትንሽ ይቆያል። በእንቅልፍ እጦት፣ በጉንፋን፣ ፕሬድኒሶሎን በመሰሉ ስቴሮይዶች ደግሞ ይብስበታል። አንዳንዱ ሰው ስኳር የሌለበት ቡና ጠጥቶም ከ5 እስከ 10 ነጥብ ሲጨምር ያያል፤ ካፌይን አድሬናሊንን ስለሚቀሰቅስ ነው። ስለዚህ የጠዋቱ ልኬት ከመጀመሪያው ስኒ በፊት ይሁን።

ይህ ማብራሪያ መሸሸጊያ እንዳይሆን ግን እፈራለሁ። «ኪቶ ላይ ስለሆንኩ ነው» እያለ 130 እና 140 የሚያይ ሰው አለ፤ ያ መላመድ አይደለም። በአሜሪካ የስኳር ሕክምና ማኅበር መስፈርት በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ጊዜ ሁለቴ ከታየ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የመካከለኛውን እርከን ከ110 ነው የሚጀምረው። እንግዲህ የእርስዎ 106 በአንዱ መስፈርት ያሳስባል፣ በሌላው አያሳስብም። በመላመድ የሚመጣ ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መካከለኛ እርከን የታችኛው ክፍል ይቆያል፤ ቀን ላይ ደግሞ ይወርዳል። ቀን ላይ የማይወርድ ከሆነ ሌላ ነገር አለ።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ራሱ ማለት ያለብኝ አለ፤ ብዙ ሰው በከንቱ የሚጨነቀው በዚህ ነውና። የቤት መለኪያዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይሶ 15197 የተባለው የ2013 እትም፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ100 ልኬት 95ቱ በ15 በመቶ ውስጥ እንዲሆኑ፣ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ነጥብ ውስጥ እንዲሆኑ ነው የሚጠይቀው። ትክክለኛው ስኳሩ 104 የሆነ ሰው ላይ ደህና የተሠራ ማሽን 90 ቢል ወይም 118 ቢል ከደረጃው አልወጣም። ስለዚህ 106 እና 114 ለማሽኑ አንድ ቁጥር ናቸው። ዛሬ በ6 ነጥብ ወጣ ብሎ ቅቤ መቀነስ፣ ነገ በ4 ወረደ ብሎ መደሰት ትርጉም የለውም።

ስህተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣት ይጀምራል። ብርቱካን ወይም ሙዝ የነካ እጅ ሳይታጠብ ከተወጋ ደሙ ላይ የሚገባው የፍሬው ስኳር 150ን 250 ሊያደርገው ይችላል። አልኮል ይህን በደንብ አያስወግድም፤ ሞቅ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይሻላል። ያልደረቀ ጣት ደሙን ያቀጥናል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። የሚወጋው የጣት ጫፍ ጎን ነው፤ ደም አልወጣ ካለ እጅን ወደ ታች አድርጎ ማራገፍ እንጂ ጣትን አጥብቆ መጭመቅ አይገባም። የስትሪፕ፣ ማለትም ደም የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ፣ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ፣ ወጥ ቤት ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ስትሪፑ ይበላሻል። ከውጭ በሻንጣ ለዘመድ የሚላከውን ስትሪፕ ማብቂያ ቀን አይቶ መቀበል ተገቢ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ብዙ ማሽኖች ከእውነቱ ከፍ አድርገው ያነባሉ። ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ መውሰድም በአንዳንዶቹ ላይ እንዲሁ ያደርጋል።

ከቤተ ሙከራ የመጣው ውጤት ከቤቱ ዝቅ ካለ ወዲያው ማሽኑን አይጣሉ። በቱቦ ተቀድቶ የተቀመጠ ደም ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ ካልተለየ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጠዋት 1 ሰዓት የተቀዳ ደም 4 ሰዓት ላይ ቢሠራ 110 የነበረው ወደ 90ዎቹ ሊወርድ ይችላል። ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ይህን ለማዘግየት የተሠራ ነው፤ ደምዎ በፍጥነት እንዲሠራ መጠየቅ ግን ከሁሉ ይሻላል።

እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ስዊድን ወይም ኖርዌይ ካለ ዘመድ በመጣ ማሽን የሚለኩ ከሆነ ቁጥሩ 5.9 ወይም 6.2 ይላል። ያ በሚሊሞል ነው፤ በ18 ያባዙት። 5.9 ማለት 106 ነው፣ 7.0 ደግሞ 126። በዚህ ምክንያት በስልክ የተሳሳተ ምክር የተሰጣጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው። ለአንድ ሳምንት ቁጥሩን በዘፈቀደ ከመውሰድ ይልቅ በተወሰነ ሰዓት ይውሰዱ። ከመተኛትዎ በፊት፣ እንደነቁ ሳይጠጡ ሳይበሉ፣ የዕለቱን የመጀመሪያ ምግብ ከመጉረስዎ በፊት፣ ከዋናው ምግብ የመጀመሪያ ጉርሻ ጀምሮ ተቆጥሮ በሁለተኛው ሰዓት። ከሳምንቱ በሁለት ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስተው ይጨምሩበት። ከአጠገቡ የበሉትን፣ የእንቅልፍዎን ሰዓት፣ ሕመም ካለ ሕመሙን ይጻፉ። ስትሪፕ ውድ ከሆነብዎ በየቀኑ ሁሉንም መለካት የለብዎትም፤ አንድ ቀን የጠዋቱን ጥንድ (ከመተኛት በፊትና እንደነቁ)፣ ሌላ ቀን የምሳውን ጥንድ (ከምግብ በፊትና በኋላ) እያሉ ያፈራርቁ። ጥንድ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከምግብ በኋላ ያለ አንድ ቁጥር፣ ከምግብ በፊት የነበረው ካልታወቀ አይነበብም።

ንባቡ እንዲህ ነው። ማታ 95፣ ሌሊት 9 ሰዓት 93፣ ጠዋት 111፣ ቁርስ ዘልለው ከቀኑ 7 ሰዓት ምሳ ሲቀርብ 86 ከሆነ የጠዋቱ ከፍታ የንጋት ሆርሞንና የጡንቻው መላመድ ነው፤ ምንም ሳይበሉ በራሱ ወርዷልና። ማታ 125፣ ሌሊት 122፣ ጠዋት 124 ከሆነ ግን ችግሩ የንጋት አይደለም፤ የራት ነገር ነው ወይም ስኳሩ ራሱ ነው። ከእውነተኛ የኪቶ ምግብ በኋላ ቁጥሩ ከ20 ወይም ከ30 ነጥብ በላይ ከዘለለ ሳህኑ ውስጥ ያልታሰበ ነገር አለ ማለት ነው።

በእኛ ማእድ ያልታሰበው ነገር ብዙ ጊዜ ሽንኩርት ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት 90 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ለዶሮ ወጥ ሦስት ኪሎ አቁላልተው ለስድስት ሰው ካቀረቡ፣ እንጀራውን ባይነኩም እያንዳንዱ ሰው 45 ግራም ያህል ወስዷል፤ የኪቶ የቀን ድርሻ ደግሞ ከ20 እስከ 50 ግራም ነው። ክትፎ ኪቶ ነው፣ ጎኑ የሚቀርበው ቆጮ ግን አይደለም፤ ቡላም እንዲሁ። ሽሮ ዱቄት ከግማሹ በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም አለው፤ ማኪያቶ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ሰው ይህን ይቁጠረው። ቆሎ እፍኝ እፍኝ ሲባል ሳይታወቅ ያልቃል። በጾም ወቅት ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ሲቀሩ ብዙ ሰው ወደ ሽሮና ምስር ይመለሳል። ይህን ማድረግ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚበላው ኪቶ እንዳልሆነና ቁጥሩም በኪቶ ሚዛን እንደማይነበብ ማወቅ ይገባል።

የሰርጉን 187 የማየው ከዚሁ ጋር አያይዤ ነው። ሳምንታት ሙሉ ስብ ሲያቃጥል የቆየ ጡንቻ ድንገት ሁለት እንጀራ ሲመጣበት በአንዴ አይዞርም፤ ቆሽትም ለእንዲህ ያለ ጎርፍ ኢንሱሊን ለመልቀቅ ይዘገያል። ስለዚህ ያው እንጀራ ከኪቶ በፊት ካሳየው ቁጥር ይበልጣል። ሐኪሞች ይህን ከድሮ ያውቁታል። ስኳር ጠጥቶ የሚሠራው የግሉኮስ ምርመራ ሲታዘዝ ለሦስት ቀን በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ተመግቦ መምጣት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ኪቶ ላይ እያሉ ያለዝግጅት ያን ምርመራ ከወሰዱ የሌለ ስኳር ሊወጣብዎ ይችላል፤ ስለ አመጋገብዎ ሳይናገሩ አይግቡ። የሰርግ ማግስት የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከምግቡ በኋላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሰዓት ቁጥሩ ወደ ነበረበት ተመልሶ ነበር ወይ? 187 አንዴ ደርሶ ከወረደ አንድ ነገር ነው፣ 180 ላይ ካደረ ሌላ ነው።

ከዚያ ባሻገር ያለውን የሚናገረው ኤ ዋን ሲ የሚባለው፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የተጣበቀውን ስኳር በመቶኛ የሚለካው የደም ምርመራ ነው፤ የሁለትና የሦስት ወር አማካይ። ከ5.7 በታች ጤናማ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና በላይ ስኳር ይባላል። ወደ ዕለታዊ ቁጥር ለመመለስ በ28.7 አባዝተው 46.7 ይቀንሱ። 5.4 ከሆነ አማካዩ 108 ነው፤ 6.2 ከሆነ 131። ኪቶ ከጀመሩ ሰባት ሳምንት ስለሆነ ውጤቱ የቀድሞውን አመጋገብም ይዟል፣ ከሦስት ወር በኋላ ቢሠራ ይሻላል። የቤትዎ ቁጥሮች አማካይ 98 እያለ ከኤ ዋን ሲው የተሰላው አማካይ 131 ካለ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። ወይ ከምግብ በኋላ ያልለኩት ከፍታ አለ፣ ወይ የቀይ ደም ሕዋሳቱ ጉዳይ ነው። የብረት እጥረት ኤ ዋን ሲን ከፍ ያደርጋል። ወባ ታሞ የዳነ፣ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ላይ ደግሞ ሕዋሳቱ አዲስ ስለሆኑ ዝቅ ይላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍሩክቶሳሚን የሚባለው የሁለትና የሦስት ሳምንት ምርመራ ይረዳል።

ሁለቱን ዓይነት ከፍታ ለመለየት የሚረዳው ግን በባዶ ሆድ ስኳርንና ኢንሱሊንን ከአንድ ደም መለካት ነው። ስኳሩን በኢንሱሊኑ አባዝተው ለ405 ያካፍሉ። ስኳር 104፣ ኢንሱሊን 4 ከሆነ ውጤቱ 1 ገደማ ነው፤ ይህ መላመድ ነው ለማለት ያስደፍራል። ስኳሩ ያው 104 ሆኖ ኢንሱሊኑ 18 ከሆነ 4.6 ይመጣል፤ ያ የተለመደው የኢንሱሊን አለመታዘዝ ነው፣ ኪቶ ሰበብ ሊሆነው አይችልም። ለጥያቄዎ ቁርጥ ያለ መልስ ከፈለጉ ገንዘብዎን ከሌላ ምርመራ ይልቅ በዚህ ላይ ያውሉት እላለሁ።

የኪቶን መለኪያ ካለዎት በደም ከ0.5 እስከ 3.0 ሚሊሞል የሚታየው የምግቡ ውጤት ነው። የሽንት ስትሪፕ ከሳምንታት በኋላ ቀለሙ ቢደበዝዝ ኪቶው ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የሚለካው ሌላ ዓይነት ኪቶን ነው፣ ሰውነትም በሽንት ማባከኑን ይቀንሳል። መድኃኒት የማይወስድ ሰው ኪቶ ላይ 68 አይቶ ምንም ሳይሰማው ሊውል ይችላል፤ አእምሮው ኪቶን እያገኘ ነውና አይደንግጥ። የስኳር ማውረጃ የሚወስድ ሰው ግን ከ70 በታች ካየ፣ ቢሰማውም ባይሰማውም፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ በ15 ደቂቃ መልሶ ይለካ። ኪቶዬ ይሰበርብኛል ብሎ ይህን ማዘግየት አደገኛ ስህተት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ማታ ጠጅ ወይም አረቄ ጠጥቶ ጠዋት 74 ማየት መሻሻል አይደለም። ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ስኳር መሥራቱን ስለሚያቋርጥ ነው።

በመጨረሻ፣ የማይጠበቅለት ሁኔታ። ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ ከባድ ድካም ከመጣና የደም ኪቶን ከ3 በላይ ከሆነ፣ ወይም የኪቶን መለኪያ ሳይኖርዎት እነዚህ ምልክቶች ከታዩ፣ ስኳሩ 140 ቢልም በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በር ላይ ለሚቀበልዎ ሰው ኪቶ ላይ መሆንዎንና የሚውጡትን እንክብል ስም ይንገሩት፤ የደም ኪቶንና የደም አሲድ ምርመራም ይጠይቁ። ይህ ካልተነገረ ቁጥሩን ያየ ሁሉ «ስኳርዎ ደህና ነው» ብሎ ሊመልስዎት ይችላል።